ሙላቷ ያልደፋችው ቆብ

ሙላቷ ሳትመነኩስ ቀረች ብለው የሚያሟት አሉ። ምን ያውቃሉ! ያን ቀን እዚያ የነበርን እናውቃለን።

ባሏ የሞተባት በአርባዎቹ ዕድሜዋ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። በዲማ አካባቢ ምላሷን የማይፈራ አልነበረም፤ ድንበር ገፍቶ ያረሰባትን ጎረቤቷን በአደባባይ ስታብጠለጥለው በሬዎቹ ሳይቀሩ ያፈሩ ይመስለኛል። ግን እንደ እሷ መመንኮስን የተመኘ ሰው አላየሁም። የቆቧን ፈትል ራሷ ፈትላ አባ እንዳላማው ዘንድ አስቀምጣለች። እኚህ መነኩሴ ደግሞ «ሙላቷ፣ የራስሽ ፈቃድ ገና አልሞተም። ፈቃዱ ላልሞተ ሰው ቆብ አይገባውም» እያሉ ዓመት ከዓመት ያቆዩዋታል። እሷም ትቆጣለች፤ በመቆጣቷ ሌላ ዓመት ይጨመርባታል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት በስንት ልመና እሺ አሏት። በኛ ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። ሙላቷ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ሬሳ ተጋደመች። ነጭ ኩታ አለበሷት፤ አባ እንዳላማው ቆቡን በአጠገባቸው አድርገው ጸሎቱን ጀመሩ።

በዚህ መሃል የሽዋስ ዘው አለ! የሽዋስ የኛው አገር አርበኛ ነው። ጎኑን ተመትቶ ቁስሉን በነጠላ ጠፍንጎ አስሯል፤ የሁለት ዓመት ልጁን ወለላን ታቅፏል። ሚስቱን ከነቤቱ አቃጥለውበታል። «ባንዳ እየተከተለኝ ነው» አለና ተዝለፈለፈ።

ሬሳዋ ብድግ አለች! ልጅቷን ነጥቃ አቀፈች፤ የሽዋስን በራሷ ቦታ አስተኝታ በኩታው ሸፈነችውና «አባ፣ ጸሎቱን ይቀጥሉ! እናንተም አልቅሱ እንጂ!» ብላ ጮኸች። አለቀስን። ፈርተን ስለነበር ማስመሰልም አላስፈለገንም።

ባንዶቹ ጠመንጃቸውን ወድረው ገቡ። አለቃቸው የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ማንንም አያውቅም።

«ማን ነው የሞተው?»

«ሙላቷ የምትባል ምላሰኛ» አለች ሙላቷ።

ወደ ኩታው ሲጎነበስ «ግለጠው! ፈንጣጣ ነው የገደላት» አለችው። እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ልጅቷን አያት።

«ሽፍታው ሕፃን ይዞ ነው የሸሸ። ይህች የማን ናት?»

«የኔ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ሣራ ከኔ አርጅታ አልወለደችም? ልጄ ናት! ከፈለግህ እኔን ግደለኝ፤ እሷን ግን አትነካትም!»

ጠመንጃውን ደረቷ ላይ ደገነ። ፍንክች አላለችም። ወለላም፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ እናቷ እንደሆነች ሁሉ ሙላቷ አንገት ሥር ሽጉጥ አለች። ሰውዬው ሁለቱን አየና አማትቦ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

ኩታውን ስንገልጠው የሽዋስ ሞቷል። ያ ሁሉ ጸሎት ለካ ለእሱ ኖሯል። እንደገና አለቀስን፤ አሁን የእውነት።

ቀብረነው ስንመለስ አባ እንዳላማው ቆቡን አነሡ። «እሁድ እንደገና እንጀምራለን። ለልጅቷ ዘመድ ይፈለግላታል» አሏት።

ሙላቷ ቆቡን አየችው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ያህል ዓመት ጠብቃው፣ ያን ያህል ተቆጥታለት!

«አባ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ልጄ ናት ብያለሁ።»

«ነፍስ ለማዳን ያልሽው ነው። እኔ እፈታሻለሁ።»

«ይፍቱኝ አላልኩም። ውሸቴን እውነት ላደርገው ነው።»

ዓመት ከዓመት ሲገሥጿት የኖሩት ሰው ቆቡን አስቀመጡና በሁላችን ፊት ዝቅ ብለው እጅ ነሷት።

«ኧረ ይተዉ አባ!» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ልጄን ርቧታል። ወተት ያለው ማነው?»