ሕንጻውን የመረቁት ዘበኛ

ዛሬ ቆቦ ላይ አንድ ሽማግሌ ቤት መርቀው ከዚያው ቤት ተባረሩ። «አሚን» ካሉት መካከል እኔም ነበርኩ።

አሮጌው የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ አፓርታማ ሆኗል። ከጣሪያው የጥጥ ብናኝ፣ ከወለሉ የሞተር ዘይት ተፍቆ አልቋል። እኔም አንደኛ ፎቅ ላይ ልገባ ተመዝግቤያለሁ፤ ስለዚህ የምለውን በጥርጣሬ አንብቡት።

አባ ሰይድ ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ግቢውን የጠበቁ፣ በሩ ጥግ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ዘበኛ ናቸው። የሕንጻው ባለቤት፣ ልንገባበት የተመዘገብነው ሁሉ ለምረቃው በተሰበሰብንበት ጠራቸው።

«አባ፣ አንቱ ዱዓ ያላደረጉበት ቤት አይቀናንም።»

እጃቸውን ዘረጉ። «እዚህ የገባውን ሰው አላህ አያፈናቅለው።»

«አሚን» አልን፣ ከልባችን።

ባለቤቱ ፊቱን በመዳፉ አብሶ ሳይጨርስ፣ «በሉ እንግዲህ ዕቃዎን ያውጡ፤ ክፍሏ ለባጃጅ ማቆሚያ ዛሬ ትፈርሳለች» አላቸው።

«እኔስ የት ልግባ?»

«አንቱማ አባታችን ነዎት። በፈለጉ ጊዜ እየመጡ ይጠይቁን።»

ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ጆጋቸውን ረስተው ኖሮ ሊወስዱት ሲመለሱ፣ አዲስ የተቀጠረው ዘበኛ በሩ ላይ አቆማቸው።

«አባ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

ዱዓው ግን ሠርቷል፤ እኛን ማንም አላፈናቀለንም። በእናንተ ሰፈርስ መርቆ የወጣው ማን ነው? እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን «አሚን» ያልኩ እንዳይመስለኝ።