ሥዕሉን ይዘን ወደ አፍደም

ከጅግጅጋ ማልደን ተነሳን። ለጉዞው ምክንያት የሆነን እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ሥዕል ነው። ሾፌሩ «እናት፣ ከላይ ልጫነው?» ቢላት «መስታወት አለው፣ ልጄ» ብላ እምቢ አለች።

ሥዕሉ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በውሃ ቀለም የተሳለ የአንድ ጸጥ ያለ መንደር ሥዕል ቅጂ ነው። የሣር ክዳን ቤቶች፣ ጭጋግ ያረፈበት ወንዝ፣ በእንጨት ድልድይ ላይ ብቻዋን የምትራመድ ሴት። አያቴ አፍደም ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ፣ ፈረንሳዊው አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ልጆች ሳሉ እናቴና የጎረቤቷ ልጅ ሆዳን ሥዕሉ ሥር ቁጭ ብለው ይከራከሩ ነበር። ሆዳን «ሴትዮዋ ወደ ቤቷ እየገባች ነው» ስትል፣ እናቴ «የለም፣ እየሄደች ነው» ትላለች። የእናቴ ቤተሰብ ወደ ጅግጅጋ ከተዛወረ ወዲህ ሁለቱ አልተያዩም። በቅርቡ አንድ የአፍደም ነጋዴ ሆዳን በሕይወት እንዳሉ ነገረን።

ድሬዳዋ

ካራማራን ወጥተን ወረድን፤ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛን፤ ሐረርን አልፈን ድሬዳዋ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለን። እናቴ ምሳውን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው።

«ባታውቀኝስ?» አለችኝ።

አፍደም

ከዚያ በኋላ መንገዱ አቧራና ግራር ነው። አሮጌውን ሐዲድ አንዳንድ ቦታ አሸዋ ውጦታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን። ወይዘሮ ሆዳን ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አያይም፤ ነጋዴው ይህን አልነገረንም።

«ሆዳን» አለች እናቴ።

ወይዘሮ ሆዳን ቀና አሉ። «እታፈራሁ? አባዮ!» «አባዮ» በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እናቴ ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ሴትዮዋ አለች?»

«አለች።»

«እስካሁን አልገባችም?»

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ልክ ነበርሽ፣ ሆዳን። እየገባች ነው።»

ጅግጅጋ

በማግስቱ ሥዕሉን እዚያው ትተን ተመለስን። እኔ ሰው የናፈቀውን ካገኘ ናፍቆቱ ይበርድለታል ብዬ አስብ ነበር። ቤት ገብተን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና «ሆዳን እራቷን በልታ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።