ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለው ሰው

ጧፍ እፍ ተብሎ ሲጠፋ የሚወጣው ጭስ ዛሬም አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ መካነ ሰላም ያለችው የጭቃ ቤታችን፣ ከመጋረጃው ወዲያ የምታንሾካሹከው እናቴና ከመጋረጃው ወዲህ ጆሮዬን የቀሰርኩት እኔ አንድ ላይ ይመጡብኛል። ተጠራጣሪ ነኝ፤ እንቁላል እንኳ ሳልነቀንቅ አልገዛም። ይህ አመሌ የጀመረው እዚያ መጋረጃ ሥር ነው።

አባቴ ይመር ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት ከወጣ ወዲህ፣ በዚያ የልጅነቴ ክረምት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እናቴን ስጠይቃት «ይመጣል» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ፣ አንድ ስም እየደጋገመች ስታለቅስ እሰማት ነበር፤ «ኃይለ ጊዮርጊስን አደራህን፣ ኃይለ ጊዮርጊስን አምጣልኝ።» ከዘመድም ከጎረቤትም እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም። አባቴ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ እሷ ለሌላ ወንድ ታለቅሳለች ብዬ አንጀቴ አረረ።

መስከረም ጠብቶ የጽጌ ጾም ሲገባ ጥርጣሬዬ ባሰ። ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያመጣዋል» ስትላት፣ እናቴ ወደ እኔ ገልመጥ ብላ ዝም ታሰኛት ነበር። ወፍጮ ቤት ስንሄድ ደግሞ ባለ ወፍጮው የእኛን ገብስ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ይፈጭልን ነበር። ሰው ሁሉ «ባለ ወፍጮው» እንጂ ስሙን ሲጠራ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እሱ ነው ብዬ ቆረጥኩ፤ ዱቄት የለበሰ ቅንድቡን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

እናቴ፣ አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ትንፋሽ ስወጣላት «እሱን ከጨረስሽ የልብሽን ንገሪው እንጂ፤ እንደ አባትሽ አዋሪው» ትለኝ ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ እግዚአብሔርን ያዋራሁት ያን ጊዜ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለውን ሰው ከደጃችን አታድርሰው» አልኩት። ማንም ሳያዘኝ ቁርሴን ትቼ ጾምኩ፣ ግንባሬ አፈር እስኪነካ ሰገድኩ። እናቴ በተራዋ እኔን ጠርጥራ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?» እያለች ግንባሬን ትዳስሰኝ ነበር። እንደዚያ ከልቤ የጸለይኩበት ዘመን የለም።

ከጥምቀት ማግስት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አባቴ ከደሴ አውቶቡስ ወርዶ ቤት ገባ። ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ በእጁ ከአንዲት ፌስታል በቀር ምንም አልያዘም። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ እኔ ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩ። ወዲያው የንስሐ አባታችን መምሬ ጸበል ይዘው መጡና መስቀላቸውን በራሱ ላይ አኑረው «ኃይለ ጊዮርጊስ ልጄ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አሉት።

እጄ ከወገቡ ላይ ረገፈ። «ማንን ነው?» አልኳት እናቴን።

«የክርስትና ስሙ ነዋ፣ በጸሎት የሚጠራው በሱ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «መተት እንዳይሠሩበት ተብሎ ለሰው አይነገርም፤ ልጅ ደግሞ አፉ አይዘጋም።»

ከደጃችን እንዳይደርስ ስሰግድበት የከረምኩት ሰው አልጋችን ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠብ ነበር። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዘኝ፤ ያን ሁሉ ጾሜን እግዚአብሔር ተቀብሎኝ ቢሆንስ?

ዛሬ እኔም ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ በየማለዳው እቆማለሁ። ባለ ወፍጮው ከሞተ ቆይቷል፤ ሰው መጠርጠሬን ግን አልተውኩም። ያን ጊዜ የምፈራው ጸሎቴ ሳይሰማ እንዳይቀር ነበር፤ አሁን የምፈራው ሁሉም ጸሎቴ ተሰምቶ እንዳይገኝ ነው። እግዚአብሔርን ያመንኩት እንቢ ባለኝ ቀን ነውና፣ የልቤን ከነገርኩት በኋላ «ተሳስቼ ከሆነ አትስማኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ጧፉን እፍ ስል፣ ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ እያሳለ ከእንቅልፉ ይነሣል።