የምንጩ ቃለ ጉባኤ

ስለ ሴቶችና ስለ ልማት ንግግር አድርጊ ብለው ሲጠሩኝ እምቢ ማለት ከጀመርሁ ቆየሁ። ደክሞኛል። በዚህ ጉዳይ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥሁ እኔም አላውቀው፤ የብዙዎቹን ቃለ ጉባኤ የጻፍሁትም ራሴ ነኝ። ከሁሉም እንቅልፍ የምትነሳኝ ግን አንዲት ገጽ ናት። ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ፣ በደርግ ጊዜ በእጄ የጻፍኋት ናት።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወላጆቼ ቤት የተመለስሁ ሰሞን ነበር። የሴቶች ማኅበር ይቋቋም የሚል ትእዛዝ ወረደ። ከቀበሌው ሴቶች መጻፍና ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርሁ ማንም ፈቃዴን ሳይጠይቅ ጸሐፊ ሆንሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ለእናቶች ፊደል አስቆጥር ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኝ ነበር፤ ማማሩን እኔም ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ሴት ሸንጎ ላይ ቆማ አትናገርም። የምትለው ነገር ካላት ለባሏ ወይም ለወንድሟ ቀስ ብላ ትነግረዋለች፤ እሱ ተነስቶ ይናገርላታል። ባልም ወንድምም የሌላት ሐሳቧን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማኅበሩ ሲቋቋም ይኼ ይቀራል ተባለ። አልቀረም። ሴቶቹ የሚሉት ሲኖራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ ይጠጉና ቃላቸውን ለእኔ ይሰጣሉ። እንደ ወንድም ቆጠሩኝ መሰለኝ። ለጸሐፊዋ ከነገሩ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደተፈጸመ አምነው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንዲት መበለት ጎረቤት ነበሩን፤ እሑድ ፊደል ከማስቆጥራቸው እናቶችም አንዷ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ትተውላቸዋል። መሬታቸውን ሌላ ሰው ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ያርስላቸዋል። ልጅቱን ግን ቀበሌው ውስጥ ካለችው ትንሽ ትምህርት ቤት አስገቧት። አንድ ልጃቸውን እንዲህ ለወረቀት መስጠታቸው ለመንደሩ ሰው መሳቂያ ነበር። ልጅቱ መማር የቻለችው የመንደሩ ምንጭ ለቤታቸው ቅርብ በመሆኑ ነው። ጠዋት ትንሿን እንስራ ቀድታ ታስቀምጥና ደብተሯን ይዛ ትሮጣለች። ሌላው ውኃ ገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እናትየው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ውኃ ማዘል ትተዋል። እንግዲህ ምንጩ ካለ ልጅቱ ትማራለች፣ ምንጩ ከሌለ አትማርም። ይኼን እሳቸው አሳምረው ያውቁታል፤ እኔም አውቀው ነበር።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከከተማ ከመጣ የደን ሠራተኛ ጋር ሆኖ ሴቶቹን ሰበሰበ። ምንጩ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከላል አሉ። ቦታው እርጥብ ስለሆነ ችግኙ ቶሎ ይይዛል፤ ለቤት መሥሪያ ቋሚ ይሆናል፤ ወንዶቹ ተስማምተዋል። ችግኙን ውኃ የሚያጠጡት ሴቶች ስለሆኑ የእነሱም ስምምነት በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። መበለቲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ ተጠጉ።

«ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጪ ነው በይልኝ» አሉ። «የምንጩ ቁጥቋጦ፣ አምጃውና ቀጋው አይነካ። ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያው ይታጠር፤ አጥሩን እኛ እናጥራለን። ይኸን ጻፊልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሌሎቹም የእኛም ሐሳብ ይኸው ነው አሉ። ጻፍሁት። እውነቱን ለመናገር በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ እሳቸው እንዳሉት ጽፌው ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ሊቀመንበሩ ለብቻ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዛፉ እንደሆነ መተከሉ አይቀርም፣ ተቃውሞ ከተጻፈ ግን ሴቶቹን አድኃሪ ያሰኝብናል፣ ምን አስጨነቀሽ አለኝ። የደን ሠራተኛው ደግሞ ጽሑፌን አገላብጦ አየና ከተማ ጸሐፊ እየፈለጉ እንደሆነ፣ ቃለ ጉባኤውን ወስዶ እንደሚያሳይልኝ ነገረኝ። ከሁሉም ይህቺን ሰማሁ። ቤቴ ገብቼ በመዝገቡ ላይ በጥሩ እጄ ገለበጥሁት፤ የሴቶች ማኅበሩ ሰፊ ውይይት አድርጎ ተከላውን በሙሉ ድምፅ ደግፏል ብዬ። ማንም እጄን ይዞ አላስጻፈኝም።

በሳምንቱ ሴቶቹ ተራ በተራ አሻራቸውን አኖሩ። መበለቲቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው እንዳይደበዝዝ ጫን አደረጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጽፌዋለሁ» አልኋቸው።

ተመርቆ የማያልቅ ምርቃት መረቁኝ።

ባሕር ዛፉ ተተከለ። በጋውን ሴቶቹ ከዚያው ከምንጩ እየቀዱ አጠጡት። እኔም ከተማ ተቀጠርሁ፣ ጫማ ገዛሁ፣ ደመወዝተኛ ሆንሁ። ለበዓል ስመጣ ዛፉ ከሰው ቁመት በልጦ አገኘሁት፤ በሌላ ዓመት ስመጣ ከጎጆው ጣራ በልጧል። ምንጩ መጀመሪያ ሚያዝያ ላይ መሳሳት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ገና በየካቲት። ሴቶቹ አንድ እንስራ ለመሙላት በቅል እየጠለቁ ተሰልፈው ይውላሉ አሉኝ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የማዝነው ለሌላ ሰው ጥፋት ይመስል ከንፈሬን መጥጬ እመለስ ነበር።

መበለቲቱ በዚህ መሐል ትምህርታቸውን አላቋረጡም። እኔ ከሄድሁ በኋላ እናቶቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ እሳቸው ግን ከልጃቸው መጽሐፍ ላይ ማታ ማታ እያጠኑ ዘለቁ። የተጻፈ ነገር ሁሉ ያነብባሉ፣ የስኳር ከረጢት ሳይቀር ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ተማሪዬ ናቸው እያልሁ ለጓደኞቼ አወራለሁ።

አንድ ፋሲካ ስመጣ ምንጩ ጭራሽ ደርቋል። መበለቲቱ ዛፉ ይቆረጥልን ብለው ለሊቀመንበሩ አመለከቱ። እሱም ዛፉ የማኅበር ንብረት እንደሆነ፣ ሴቶቹም ሲተከል ተስማምተው አሻራቸውን እንዳኖሩ ነገራቸው። እሳቸው እኛ የተናገርነው እዚያው ላይ ተጽፏል፣ መዝገቡ ይውጣ አሉ። የጻፈችውም መጥታለች ብለው እኔን አስጠሩኝ።

የማኅበሩ ቤት ስደርስ መዝገቡ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ላነብብላቸው እጄን ዘረጋሁ። ግድ የለም አሉና ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ራሳቸው ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ አንዷን ፊደል ሳይዘልሉ። ሰፊ ውይይት የሚለውን አነበቡ። በሙሉ ድምፅ የሚለውን አነበቡ፤ ተመልሰው ደገሙት። የራሳቸውን አሻራ አዩት። ገጹን ገልብጠው ጀርባውን ፈለጉ። ባዶ ነበር።

«ሌላ ወረቀት አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳቸው መዝገቡን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ባታስተምሪኝ ኖሮ» አሉ፣ «ጽፋልኛለች እያልሁ እየመረቅሁሽ እሞት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ላይ የሴቶች ተሳትፎ ከፍተኛ ነው የሚል ባየሁ ቁጥር ያቺ በአሻራ የተሞላች ገጽ ትመጣብኛለች። ስለዚህ ነው ንግግር የማላደርገው።

ያን ቀን ከማኅበሩ ቤት ከመበለቲቱ ጋር አብረን ወጣን። ልጅቱ ከገደሉ አፍ ብቅ አለች፤ አምስተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች፤ ከማለዳ ጀምሮ ወንዝ ነበረች። ሸክሙ አጉብጧት ዳገቱን ትገፋለች። እንስራውን ልቀበላት ሮጥ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እናቷ ቀድመውኝ ደረሱ፤ እጄን ገለል አደረጉና እንስራውን በዚያ በታመመ ወገባቸው አዘሉት።