ወሯ የገባ ፍየል

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ የምንሰበሰበው እማሆይ ወለተ ኪሮስ ቤት ነበር። መንደራችን ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ ናት። እማሆይ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከግቢያችን ጥግ ባለች ጎጆ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ከመመንኮሳቸው በፊት የአገሩን ሴት ሁሉ ያዋልዱ ስለነበር ከመነኮሱም በኋላ ሴቶቹ አልተዋቸውም፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ ነው የምትውለው ያቺ ጎጆ። ማታ ግን የእኛ የልጆቹ ነበረች። ያኔ ኩራዟ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ጥቀርሻዋን ወደ ጣሪያው ስትልክ፣ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም የእማሆይን ጉልበትና የሚያሾሩትን እንዝርት ብቻ ያበራ ነበር። ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ስለሚቀር ተረቱን የሚነግረን እንዝርቱ ይመስለኝ ነበር።

እቤታችን የምንነጋገረው በኽምጣኛ ነው። እማሆይ ግን ተረት ሲያወሩ ኽምጣኛውን ከአማርኛ ጋር ያደባልቁ ነበር። ፍየልና አህያ ኽምጣኛ ይናገራሉ፤ በግና ዶሮ ደግሞ አማርኛ፣ ያውም ከሰቆጣ ገበያ የተመለሰች ሴት ስትኩራራ የምትናገረውን ዓይነት አማርኛ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ምናልባት ሰው ላይ የሚፈርዱት ከተሜዎች ብቻ ይመስሏቸው ይሆናል፤ አህያዋም ብትሆን አፏ ደህና እንዳልነበረ ግን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በዚያ ዓመት የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ አዝመራ፣ ከእኛ ጋር ትቀመጥ ነበር። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ እሷ ወሯ ሲገባ ለመውለድ ወደ እኛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አምና ምጥ ጠንቶባት እቤት ውስጥ አጥታዋለች። ያንን ልጅ የተቀበሉት እማሆይ ራሳቸው ነበሩና፣ የአሁኑ ገና ሆዷ ሳይገፋ ጀምረው «ይሄኛውን በእኔ እጅ አላምነውም፤ የምትወልጂው ጤና ጣቢያ ነው» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ገደሉን ወርዶ መልሶ መውጣት ያስፈልጋል። አዝመራ እሺ ብላለች። መንገዱንም ምጡንም አልፈራችም። የፈራችው ሌላ ነገር ነው።

ከመንደራችን እዚያ ሄዳ የወለደች ሴት ያኔ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም ገበያ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እንዲህ ፀጉርሽን አጎፍረሽ ትመጫለሽ?» ተብዬ ተሳቀብኝ ብላ አወራች። የራስ ፀጉሯን ማለቷ እንዳልሆነ ለሁሉም ገብቶታል። እውነት ይሁን ጨዋታ ማሳመሪያ እንጃ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አዝመራ ግን ከዚያ ገበያ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። እናቴን በሹክሹክታ ብትጠይቃት፣ እናቴ ደግሞ የአገራችንን ነገር አመጣችባት፤ ወሯ የገባ ሴት ገላዋን ብረት አይንካው፣ ልጁ ይደነግጣል፣ አምና ያየነው ይበቃናል አለቻት። እንግዲህ በአንድ በኩል ተላጪ፣ በሌላ በኩል እንዳትላጪ። ስለዚያ ቦታ ፀጉር በግልጽ ለመናገር እኔ ራሴ ዛሬም አፌ ይያዛል፤ ያኔ አዝመራ ለማን ትናገር?

እማሆይ ወሬውን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ፣ አዝመራ እግሯን ዘርግታ ከእኛ መሀል በተቀመጠችበት፣ አዲስ ተረት ጀመሩ።

ፍየሏ እዚያው እኛ አገር፣ ዝቋላ በረሃ የምትኖር፣ ወሯ የገባ ፍየል ናት። ፍየሎች ሁሉ የሚወልዱባት አንዲት ዋሻ አለች፤ ነፋስ አይገባባትም፣ ቀበሮም አያውቃትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ ለመድረስ ተነሣች። መንገድ ላይ አህያ አገኘቻትና፣ ሴት ሆነሽ ይሄን ጢም ይዘሽ ልትወልጂ ነው፣ ለግልገልሽ አባቷን ትመስያታለሽ አለቻት። ፍየሏ አፈረች። ከድንጋይ ጋር እየፈተገች ጢሟን ጨረሰችው። ትንሽ እንደሄደች በግ አገኘቻትና በዚያ በገበያ አማርኛዋ፣ የሆድሽ ፀጉር ሻካራ ነው፣ እኔን አታይኝም አለቻት። ፍየሏ እሾህ ውስጥ ገብታ ሆዷን አስነጨች። ቀጥላ ዶሮ መጣችና፣ ከጅራትሽ ሥር ያለውስ፣ አዋላጇ ስታይሽ ምን ትላለች ብላ ጠየቀቻት። እዚህ ላይ እኛ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለልን። እማሆይ ሳቁ እስኪበርድ እንዝርቱን አቁመው ጠበቁን። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ፀሐይዋ ጠልቃ፣ ምጡ ፍየሏን መንገድ ላይ ያዛት። ግልገሏ ነፋስ ላይ ወደቀች። እናቷ ልታሞቃት ተጠጋቻት፤ ገላዋ ላይ ግን የሚያሞቅ ነገር አልቀረም። ያዳነቻቸው በዚያ ስታልፍ የነበረች፣ ጢሟ መሬት የሚጠርግ፣ ማንም ምንም ብሏት የማያውቅ አሮጊት ፍየል ናት። ሁለቱንም በፀጉሯ ሸፍና አደረች።

እማሆይ ተረታቸውን ሳያስፈርዱን አይጨርሱም ነበር። ጥፋቱ የማን ነው ሲሉን፣ አንዳችን የአህያዋ፣ አንዳችን የዶሮዋ እያልን ተጨቃጨቅን። አዝመራ ሳትስቅ ቆይታ፣ ጥፋቱስ የፍየሏ ነው፣ ለምን ሰማቻቸው አለች። እማሆይ ዞረው አዩዋት።

«የፍየሏስ አይደለም» አሉ። «ያፈረ ሰው ጥፋተኛ አይባልም፣ ልጄ።»

እንዝርቱ መሾሩን ቀጠለ። ነገሩ አዝመራን ያሳረፋት መስሎኝ ነበር። ለካስ ሰው ተረት ሰምቶ በሌላው ፍየል ይስቃል እንጂ የራሱን ፀጉር አይረሳም።

ምጡ የመጣው አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ነው። በቅርብ የነበሩት ጎረቤቶች ቃሬዛውን አዘጋጅተው ደጃችን ቆሙ፤ እናቴ እማሆይን ልትጠራ ወደ ቅዳሴው ሮጠች። አዝመራ ታጥቤ ልምጣ ብላ ጓዳ ገባችና እኔን በሩን እንድይዝ አደረገችኝ። ማንም እንዳይገባ፣ አንቺም ፊትሽን ወደዚህ እንዳትመልሺ አለችኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ከገብስ ጎታው ሥር አንድ ነገር ስትፈልግ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ምላጭ በደረቅ ገላ ላይ ሲሄድ ሰማሁ። እናቴን ፈርታ ደብቃው፣ እናቴ ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት ስትጠብቅ፣ ሰዓቱ ከምጡ ጋር አብሮ መጣባት።

ምጡ ሲይዛት ምላጩ ይቆማል፤ ሲለቃት ይቀጥላል። ሆዷ ስለከለላት የምትላጨውን አታይም። አንዴ «ውይ» ስትል መቆረጧ ገባኝ። ያኔ ፈራሁ። አምና በነጠላ ተጠቅልሎ የወጣው ሕፃን ትዝ አለኝ። ፍየሏም መንገድ ላይ ስትወድቅ ታየችኝ። ተይው፣ እንሂድ ልላት አስቤ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳልባል ዋጥኩት።

ውጭ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ወንዶቹ መዘግየቷ ግራ ቢገባቸው፣ አንድ ሽማግሌ ጸሎት ይዛ ነው፣ አትረብሿት አሉ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ቆመዋል፤ አንደኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ገደሉ ይጠብቃቸዋል፣ ፀሐይዋም ከፍ እያለች ነው፤ እነሱ ግን አንዲት ሴት ከአምላኳ ጋር የጀመረችውን ላለማቋረጥ በትዕግሥት ቆመዋል። ምን እንደምታደርግ ቢያውቁ የት ይገቡ እንደነበር ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

እማሆይ ሲመጡ በሩን በመቋሚያቸው ገፉት፤ እኔም ለቀቅኩ። አዝመራ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ምላጩ እጇ ላይ ነው። አልጨረስኩም፣ ትንሽ ነው የቀረኝ ትላለች። ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ፣ እማሆይ አጠገቧ ቁጭ አሉና ቆባቸውን አወለቁ። ያኔ ነው ራሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ሲመነኩሱ ተላጭተው ከዚያ ወዲህ ያላሳደጉት፣ ትንሽዬ፣ እንደ ሕፃን ራስ የዋህ የሆነ ራስ ነበር። አዝመራ ደነገጠች። የመነኩሴ ራስ ተገልጦ አይታይም።

«እይኝ፣ አዝመራ» አሉ እማሆይ። «እኔ ፀጉሬን ወድጄ ነው የሰጠሁት። አንቺ ፈርተሽ አትስጪ።»

ከዚያ ምላጩን ከእጇ ወስደው ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። ፍየሌ፣ ተነሺ፣ መንገድ ላይ እንዳንወልድ አሏት በኽምጣኛ። አዝመራ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ለቅሶ ሆነ፤ እንደዚያው እያለቀሰች ተደግፋ ወጣች። ግማሹን ተላጭታ፣ ግማሹን ትታ። ወንዶቹ በአክብሮት ቃሬዛው ላይ አስተኟትና ጸሎትሽን ይስማሽ አሏት።

የቀረውን የሰማሁት ከእማሆይ ነው። ጤና ጣቢያው የደረሱት ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አዋላጇ ገና ወጣት ልጅ ናት፣ የላስታ ሰው። አዝመራ አልጋው ላይ ወጥታ ጉልበቷን ግጥም አድርጋ አልከፍትም አለች። አዋላጇ ብትለምናት፣ ሳልጨርስ ነው የመጣሁት፣ ይቅር በይኝ አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልሳቀችም። በነጠላዋ ደህና አድርጋ ሸፈነቻትና እጇን ያዘቻት።

«እኔ እዚህ የማየው የልጅሽን ራስ ነው» አለቻት። «ፀጉር ካየሁም የልጅሽን ነው።»

አዝመራ ጉልበቷን ለቀቀች። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ እስከ ጆሮዋ የወረደ። ሕፃኗ እማሆይ ገና ሳይይዟት አለቀሰች አሉ። አዋላጇ የተቆረጠውን ስታጥብላት ግን ኮስተር ብላ ነበር፤ ምጥ ሲቀርብ ምላጭ የሚያቆስለው ትንሽ ቁስል መርዝ መግቢያ ነው፣ ማሳጠር የምትፈልግ ቀደም ብላ በመቀስ ማሳጠር ትችላለች፣ የማትፈልግም እንዳለች ትምጣ፣ ይሄን ለመንደራችሁ ንገሩ አለቻቸው። እማሆይ ነገሩ። እናቴ እንኳ ሰምታ፣ ታዲያ እኔስ ብረት አይንካት አላልኩም ብላ ለብዙ ጊዜ ኮራች።

ከዚያ ወዲያ ተረቱ ተለወጠ። ፍየሏ መንገድ ላይ አትወልድም፤ ግማሽ ጢሟን ይዛ፣ ግማሽ ሆዷ ተነጭቶ፣ እያነከሰች ዋሻው ትደርሳለች። እኛ ልጆቹ እንደ ድሮው እንስቅ ነበር፤ አዝመራም ልጇን እያጠባች ትስቅ ነበር። ሕፃኗን እቤት ውስጥ ግልገል እያልን ጠራናት፤ የክርስትና ስሟን የሚያስታውሰው ቄሱ ብቻ ነው።

እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ሰቆጣ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ግልገል አድጋ፣ አግብታ፣ ዘንድሮ ወሯ ሲገባ ሆስፒታሉ ይቀርባታል ተብሎ እኔ ቤት መጣች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን የሕፃኑን ልብስ አብረን ስናጣጥፍ፣ ከጨርቆቹ መሀል ወረቀቱ ያልተቀደደ ምላጭ ወደቀ። የባሏ እህት ናት የገዛችላት። ግልገል አንስታ እጇ ውስጥ ደበቀችው። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከገበያ የተመለሰችው እናቷ ፊት ነው።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ እንዲሁ ብሄድ ይስቁብኛል?»

ይህን ሁሉ ዘመን ጤና ኬላው በየቀበሌው ተሠርቶ፣ ስልኩ በየእጃችን ገብቶ፣ ያቺ ዶሮ ዛሬም መንገድ ላይ ቆማ ትጠይቃለች። አዋላጇ ያኔ ያለችውን ነገርኳት። በደንብ ልትሰማኝ አልፈለገችም፤ ምክር ይመስላል። ስለዚህ ዝቋላ በረሃ የምትኖር ወሯ የገባ ፍየል ነበረች ብዬ ጀመርኩ። ግልገል ተረቱን በልጅነቷ ስትሰማው ነው ያደገችው፤ ፍየሏ እናቷ መሆኗን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ያን ማታ ነገርኳት። ቃሬዛውን፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁትን ወንዶች፣ የእማሆይን ትንሽዬ ራስ። በሳቅ ሆዷን ይዛ ቆየችና፣ ስለ ቆቡ ስነግራት ሳቋን ትታ ሰማችኝ።

ከእማሆይ ተረቶች ብዙው ከእኔ ጠፍቷል፤ አንዳንዶቹን መሀላቸውን እንጂ ጫፋቸውን አላውቀውም። ይሄኛው የቀረው ግን ተረት ስለሆነ አይመስለኝም። አንዲት አሮጊት፣ ለማንም የማታሳየውን ራሷን፣ አንዲት ያፈረች ሴት እንዳታፍር ብላ ስትገልጥ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ገላ ላይ መፍረድ አልሆነልኝም።

ግልገል በሳምንቱ ወለደች። ሆስፒታሉ ስትገባ በር ላይ ቦርሳዋን ስቀበላት ውስጡ የሕፃኑ ልብስ፣ ነጠላዋና ሳሙናዋ ብቻ ነበሩ። ምላጩን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።