በሬ ሸጠን የገዛናት ትራክተር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማትርቀው የቀወት መንደራችን ከቤተሰቦቼ ጋር ነበርኩ። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያ ወር የማይረሳኝ ያኔ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ ስለማላውቅ ነው። አንድ ሰው ያደረጉልኝንም ነገር እስካሁን በወጉ ተናግሬው አላውቅም።

አባቴና አራት ጎረቤቶቹ ተማክረው ትራክተር በጋራ ለመግዛት ተስማሙ። ለዚህም አምስቱም ጥማድ በሬያቸውን ሸጡ። ከአምስቱ አንዷ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። በሬዎቻቸው ሟች ባላቸው ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸው ነበሩ። ገበያ ሲወስዷቸው እየነዳሁ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። በሬዎቹን ለገዢው ካስረከቡ በኋላ የታሰሩበትን ገመድ ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ በነጠላቸው ስር ይዘውት ተመለሱ።

ትራክተሯ የመጣች ቀን መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበላት። ከሻጩ ድርጅት አብሮ የመጣው ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀን። አንደኛ፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃና አቧራ እንዳይገባ። ሁለተኛ፣ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ከእነሱ መካኒክ በቀር ማንም ሞተሯን እንዳይነካ። የናፍጣ ፖምፓዋ የታሸገበትን የእርሳስ ማሸጊያ ሽቦም አሳየን። ያ ከተቆረጠ ዋስትና የለም አለን። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

የመንዳቱ ሥራ ሳምንት ሙሉ ለሠለጠነው ለአጎቴ ልጅ ለደምሴ ተሰጠ። እኔ ደግሞ የተማረ ነው ተብዬ የናፍጣው ኃላፊ ሆንኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ናፍጣውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ እሞላለሁ፤ ክዳኑን አጥብቄ እዘጋለሁ፤ ከእኔ ሌላ ማንም እንዲከፍተው አልፈቅድም። አደራ ነውና በምችለው ሁሉ እጠነቀቅ ነበር።

የማረሱ ተራ በዕጣ ወጣ። የሁለቱ ቤተሰቦች ማሳ ያለ ችግር ታረሰ። ከዚያ ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። ሦስተኛው ተራ የእትዬ ዘነበች ነበር። የእኛ የመጨረሻው ነው።

ትራክተሯ በእትዬ ዘነበች ማሳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሠራች ድምፅዋ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ቆመች። ትንሽ ካረፈች በኋላ ስናስነሳት ተነሳች። እንደገና ግማሽ ሰዓት ሠርታ እንደገና ቆመች። ናፍጣ አነሳት ብለን ለመሙላት ክዳኑን ስከፍት፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚለው «ፍስስ» አለ። የናፍጣ ጠባዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ሞልተን ስናስነሳት ደህና ጀመረች፤ ከዚያ ያው ሆነ።

ለሻጩ ድርጅት ስልክ የመደወሉ ሥራም የእኔ ሆነ። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት አነሳች። ስማችንን፣ ቀበሌያችንን፣ የትራክተሯን ቁጥር ጠየቀችኝና ተመዝግቧል አለች። መካኒኩ ሩቅ አገር ለሥራ ስለሄደ ሲመለስ እንደሚደውሉልን ነገረችኝ። እስከዚያ ግን ትራክተሯን እንዳናስነሳት፣ ብልሽቱ ከባሰ ዋስትናው እንደማይሸፍነው አስጠነቀቀችኝ። ስለዚህ ትራክተሯ በማሳው መሀል ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ደወልኩ። ተመዝግቧል አለች። በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። ተመዝግቧል። በሳምንቱ ስደውል ከስሜ በፊት በድምፄ አወቀችኝ።

በዚህ መሀል ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማሽላው ጊዜ አልፏል። የቀረን ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ብቻ ነበር። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፤ ግን የፍልሰታ ጾም ሳይገባ መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚዘራ ሰው ዘሩን መጣሉ ነው። ድሮ ቢሆን በሬ ያለው ከሌላው ጋር ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ አንተ ታርስልኛለህ፣ ነገ እኔ አርስልሃለሁ ይባባላል። እኛ ግን የምንመልስበት በሬ የለንም። አባቴ ይህን ማን ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ እያለ ይብሰለሰል ነበር።

የመንደሩ ሰው ቀልድም ቀላል አልነበረም። በማሳው በኩል የሚያልፍ ሁሉ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። አንዱ ጎረቤታችን አባቴን፣ «ትራክተራችሁ ጾም ያዘች እንዴ? ፍልሰታ እኮ ገና ነው» አለው። አባቴ በከንፈሩ ብቻ ፈገግ አለ። እናቴ በበኩሏ ዓይን ነው ብላ ጠበል ረጨቻት።

እትዬ ዘነበች ግን ማንንም አልወቀሱም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በደጃችን ሲያልፉ እኔን ብቻ፣ «ልጄ፣ ምን አሉህ?» ይሉኛል። እኔም ተመዝግቧል ብለዋል እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። ያችን ጥያቄ ከመፍራቴ የተነሳ አንድ ቀን ሲመጡ አይቼ ጓሮ ተደበቅኩ። በራሴ አፈርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ደብረ ብርሃን ወዳለው የሻጩ ድርጅት ቅርንጫፍ ላከኝ። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ አንዘፈዘፈኝ፤ የለበስኩት የቆላ ሸሚዝ ነበር። ቅርንጫፉ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ። መዝገቡን ገልጦ ስማችንን አሳየኝ። ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ነበር። የፖምፓ ብልሽት ሳይሆን አይቀርም፣ ዕቃው እስኪመጣም ሊቆይ ይችላል አለኝ። ሌላ ቅጽ ሞልቼ ፈረምኩ። ስወጣ ያው «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ተከተለኝ።

ተመልሼ የሰማሁትን ስናገር እትዬ ዘነበች ቆመው አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው ያን የበሬ ገመድ ይዘው ወጡ። ማጀቴ በምትባለው ከተማ ዘመድ አላቸው። እስከ እሑድ መፍትሔ ካልተገኘ፣ ማጀቴ ሄጄ በሬ እለምናለሁ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው በሬ ለምነው አያውቁም። ያን ሲሉ አባቴ አንገቱን ደፋ። ትራክተር እንግዛ ብሎ የለመናቸው እሱ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ማሽላ ጭና ወፍጮ ቤት ላከችኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። በናፍጣ የሚሠራውን ያን አሮጌ ወፍጮ ለብዙ ዓመታት ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው። ወረፋ ይዤ ስቆም እንደተለመደው ስለ ትራክተሯ ተቀለደ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ሞተሩን አጥፍተው፣ ዱቄት ከቅንድባቸው እየጠረጉ፣ ወደ እኔ መጡ።

«ስትቆም እንዴት ነው የምትቆመው?» አሉኝ። «ባንዴ ዝም ትላለች ወይስ እየደከመች?»

እየደከመች ነው አልኳቸው። ካረፈች በኋላ ትነሳለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትነሳለች አልኩ። ናፍጣ ስትሞሉላትስ? ለጥቂት ጊዜ ትሻላለች አልኩ። ጢማቸውን ዳሰሱ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስማችንን፣ ቀበሌያችንን፣ ቁጥሯን ጠይቀውኛል። እንዴት እንደምትቆም የጠየቁኝ ግን ጋሽ ሰይድ ብቻ ናቸው።

ነገ ጁምዓ ስለሆነ ወፍጮው ይዘጋል፤ ከሶላት በኋላ መጥቼ ልያት አሉ። ለአባቴ ስነግረው ፈራ። ማሸጊያው ቢነካ ዋስትናው ይቀራል። ይህንኑ በአክብሮት ላከባቸው። የመለሱለት መልስ አጭር ነበር፦ «እኔ ብረት አልነካም። ጆሮዬን ብቻ ይዤ ነው የምመጣው።»

እንዳሉት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጡ። አምስቱም ቤተሰቦች ተሰብስበዋል፤ ሊቀልድ የመጣም አለ። እትዬ ዘነበች ገመዳቸውን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው ከዳር ቆመዋል። አታስነሱ ብንባልም አባቴ እየፈራም ቢሆን ፈቀደ፤ ደምሴ አስነሳትና ማረስ ጀመረ። ጋሽ ሰይድ ከጎኗ ከጎኗ በእግራቸው እየተራመዱ ያዳምጣሉ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ድምፅዋ መድከም ጀመረ። ደምሴ ሊያጠፋት ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ናፍጣ የሚሞላው ማነው?» አሉ።

እኔ ነኝ አልኩ።

«እስኪ ሳትጠፋ ክዳኑን አንተው ክፈተው።»

ወጥቼ ክዳኑን አዞርኩት። ያ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ ከወትሮው ረዝሞ ተሰማ። አየሩ ወደ ውስጥ ሲሳብ በጣቴ ላይ ተሰማኝ። ወዲያውም ልትጠፋ ስትንተፋተፍ የነበረችው ሞተር ድምፅዋን አነሳች፤ ጠነከረች።

ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ከክዳኑ ጋር አንድ ጥቁር ፌስታል ነበር።

ፌስታሉን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን፣ ውሃ እንዳይገባ ተብለን የለ ብዬ፣ የናፍጣ መያዣውን አፍ በፌስታል ሸፍኜ ክዳኑን በላዩ ላይ አጥብቄ ዘጋሁት። ናፍጣ በሞላሁ ቁጥር እያነሳሁ መልሼ አደርገው ነበር። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ እንዳለችና ናፍጣው ሲቀንስ በዚያች አየር ካልገባ ናፍጣ እንደማይወርድ አላወቅኩም። ያነቅኳት እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፌስታሉንም አዩ። ከትራክተሯ ሊያወርዱኝ መስለው እጃቸውን ዘርግተው ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ትንፋሽ አጥሯት ነበር አሉ፤ አየር የምታገኝባት ቀዳዳ ተደፍና ነው። ደምሴ ማን ደፈናት ብሎ ጠየቀ። «አቧራም ይደፍናል፣ ሌላም ይደፍናል» አሉት። «አንተ እረስ።»

ደምሴ አረሰ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁሉም የሞተሯን ድምፅ ነበር የሚያዳምጠው። ሁለተኛው ሰዓት ሲያልፍ እትዬ ዘነበች ገመዳቸውን ከክንዳቸው ፈተው መሬት ላይ አስቀመጡትና ቁጭ አሉበት። ጋሽ ሰይድ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወደ ባጃጁ ሄዱ። ስሸኛቸው ፌስታሉን አውጥተው በእጄ አስያዙኝ። የምትነግራቸው ከሆነ አንተው ንገራቸው፣ እኔ አልነግርም አሉኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእትዬ ዘነበች ማሳ ታርሶ አለቀና እሳቸው ወደ እኔ መጥተው ክዳኑን የከፈተ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ያን መቻል አቃተኝ። በአባቴና በደምሴ ፊት ፌስታሉን አወጣሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

እትዬ ዘነበች ፌስታሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሳቁ። በሬዎቹ ከተሸጡ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ልጇን ብርድ እንዳይመታው ብላ አፍንጫውን ጨምራ እንደምትሸፍን እናት ሆንክብን እኮ» አሉኝ።

አባቴ ግን ተራችን ደርሶ ማሳችን ከመታረሱ በፊት ድንጋዩን የምትለቅመው ብቻህን ነህ አለኝ። ለቀምኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ድንጋይ ለቅሜ አላውቅም። ፍልሰታ ሲገባ የአምስታችንም ማሾ መሬት ውስጥ ነበር።

የድርጅቱ መካኒክ የመጣው ማሾው ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው፤ አዲስ ፖምፓ በመኪናው ጭኖ። ወጣት ነው፤ ከጉዞ ብዛት ዓይኑ ቀልቷል። ቅጹ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር። በራሴ እጅ ሐቁን ጻፍኩበት። አንብቦ ፈገግ አለ። በፌስታል ምክንያት ከዚህ በፊትም ሁለት ቦታ መሄዱን ነገረን። ስልክ ላይ እንዴት እንደምትቆም አልጠየቋችሁም ወይ አለን። አልጠየቁንም አልኩት። እኔም ግን ስለ ፌስታሉ አልነገርኳቸውም፤ እሱን እንደ ጥንቃቄ እንጂ እንደ ጥፋት አላየሁትም ነበር።

አሁን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ጓደኞቼ ለስላሳ ሲከፍቱ ያ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ እደነግጣለሁ። ከዚያ ማሾው ተሰብስቦ መግባቱ ትዝ ሲለኝ ትንፋሼ ይመለሳል። ስለ ጋሽ ሰይድ ሳስብ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርዱኝ ሲችሉ ኪሳቸው ውስጥ የከተቱልኝ ፌስታሉን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ጭምር ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ቤት ስደውል እትዬ ዘነበች ስልኩን ተቀበሉ። ፈተና ላይ መሆኔን ሰምተው ኖሮ እንደ ልማዳቸው፣ «ልጄ፣ ምን አሉህ?» አሉኝ።

ተመዝግቧል አልኳቸው። በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ያ የበሬ ገመድ አሁን የማሾውን ጆንያዎች ማሰሪያ እንደሆነ ነገሩኝ።