በብስኩቱ ጀርባ የተጻፈው

በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የጀመረው። ዛሬም ሱቅ ገብቼ ብስኩት ሳነሳ እሽጉን አገላብጬ ጀርባውን አነባለሁ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ጊዜው አላለፈበትም» ይለኛል። እኔ ግን የማየው ቀኑን አይደለም። የቫኒላው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው የፍኖተ ሰላም የክረምት ጭቃ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስ ጠረንና የክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ አብረው ይመጡብኛል።

ያን ክረምት ትምህርት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። በሰሜን በተነሳው ጦርነት ከአሰብ የተባረሩ፣ ያፈሩትን ጥለው፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን እዚያው አስቀርተው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፍተን ሣር ጎዘጎዝንላቸው። የከተማው ሰው እንጀራውንም ቆሎውንም ድንቹንም ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ዕቃ ማጠብ ይሰጠኝ ብዬ ጠይቄ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ እኔ ስማርበት በነበረው ጥግ አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ተወልደው ያደጉት ሰከላ ነው፤ በልጅነታቸው ተድረው አሰብ ገቡና ዕድሜያቸውን እዚያ ፈጁት። መንገድ ላይ ታመው ከመጡ ወዲህ እንጀራ አልዋጥ ብሏቸው በውኃ ብቻ ሰንብተዋል። የጤና ረዳቱ «ዛሬ አንድ ነገር ካልቀመሱ ነገ መነሳታቸውን እንጃ» ብሎን ሄደ። እሳቸው ደግሞ ስለት ነበረባቸው። አንድ ልጃቸው እዚያው ቀርቶባቸዋል፤ ፍልሰታን ሳያጓድሉ ከጾሙ በሰላም እንደሚመለስላቸው አምነዋል።

የዚያን ዕለት የእርዳታ መኪና ብስኩት አመጣ። ውኃ ሲነካው የሚሟሟ፣ ለስላሳ ብስኩት ነበር። እርዳታውን የሚያድለው የስፖርት መምህራችን አንዱን እሽግ ይዞ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ እንኩ ይቅመሱ። የጾም ነው።»

«ማን አየው?»

«እኔ ነኛ!»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ መምህር! ረቡዕ ዕለት ከሥጋ ቤት አፉን እየጠረገ ሲወጣ የታየ ሰው የጾም ነው ቢል ማን ያምነዋል? የመሪጌታው ልጅ አለች አይደል፤ እሷ ታንብበው።»

የመሪጌታው ልጅ እኔ ነበርኩ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እሽጉን ተቀበልኩ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት። አራተኛው የወተት ዱቄት ነበር።

ቀና ስል ሁሉም ያዩኛል። የእኒያ እናት ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አንች የመሪጌታ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወተት አለበት?»

«የለበትም» አልኩ።

አንዱን ውኃ ውስጥ ነክሬ አጎረስኳቸው። አፋቸው ውስጥ ይዘው አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ዋጡት። ስድስት በሉ። መምህሩ «አንበሳ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ግን ዕቃውን ሳላጥብ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የታመንኩት በአባቴ ስም፣ የዋሸሁትም በአባቴ ስም ነው። ከዚያ የባሰው ግን የማላውቀው ልጃቸው ነበር። ስለታቸውን እኔ አፍርሼባቸው ባይመጣስ?

በማግሥቱ አባየ ከሰዓታት ጸሎት ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ጠበቅኋቸው። ነጠላቸው በካፊያ ርሶ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በሉ?» አሉኝ።

«ስድስት።»

«እሰይ!» ነጠላቸውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። «በሶ መኖሩን ግን ምን አስረሳሽ?»

ሁላችን የእርዳታውን መኪና ስንጠብቅ የገብስ በሶው እኛው ጓዳ ተቀምጦ ነበር።

«ይዘሽላቸው ሂጂ። መጀመሪያ ግን እውነቱን ንገሪያቸው።»

ስደርስ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁጭ ብለው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

«እማማ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ወተት አለበት።»

ፈገግ አሉ። «ሰከላ ላም ሳልብ ያደግሁት ሴትዮ፣ ወተት አፌ ገብቶ የማላውቀው መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዋጡት?»

«እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁዋ። ይች ልጅ ለኔ ብላ ነው እንዲህ የምትሆን አልሁ። ልጄም እዚያ ማዶ ርቦት እንደሆን እንዳንች ያለችውን አይጣ፤ እሱንም ዋሽታ ታብላው ብየ ዋጥሁት።»

ከሳምንት በኋላ ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ሰከላ ወሰዷቸው። ልጃቸው ይምጣ አይምጣ ሳልሰማ ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ልጠይቅ እነሳና ስማቸውን አለመጠየቄ ትዝ ሲለኝ አፍሬ እተወው ነበር።

ያን ጠዋት በሶውን ልበጠብጥላቸው ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ቅዳሴ ይውጣ እንጂ፤ ዛሬማ ጾመኛ ነኝ» አሉ። ጎድጓዳውን ሳህን መሃላችን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደወሉ እስኪሰማ ድረስ ሁለታችንም ወደ በሩ እያየን ጠበቅን።